የደጃፍ ጨው

«ሥራሽን ጨርሰሽ ስትመጪ፣ ሊፍቱ ጋ ቆመሽ ራስሽ ላይ በትኚው። እዚህ እኔ ተነስቼ ልበትንልሽ አልችልም» አለች ኡሜኖ። ከትራሷ ስር ያወጣቻትን ትንሽ የወረቀት እሽግ በሁለት ጣቶቿ ጫፍ ይዛ፣ የምራቷ እጅ እንዳይነካት ተጠንቅቃ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ጣል አደረገችላት። እሽጓ ቀብር የዋለ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚሰጠው ዓይነት ናት፤ ውስጧ አንድ ቁንጥር ጨው አለ፣ ላይዋ ላይ «ለመንጻት» የሚል ቃል በጥቁር ታትሟል። ኡሜኖ ከየለቅሶ ቤቱ እየሰበሰበች በመሳቢያ ታከማቻለች። ትናንት ለሆስፒታል ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ፒጃማዋን፣ የጥርስ ብሩሿን፣ የሟች ባሏን ፎቶግራፍና አንድ እፍኝ የጨው እሽግ ከታ ነው የመጣችው። ትንሽ ቆይተው ጡቷ ላይ ቀዶ ጥገና ሊያደርጉላት ነው፤ እሷን ያሳሰባት ግን የምራቷ እጅ ነበር።

ቺጉሳ እሽጓን አንስታ የሥራ ልብሷ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። «እሺ፣ እማማ» አለች።

ቤት ውስጥ ይሄ የየቀኑ ሥርዓት ነው። ቺጉሳ ከሥራ ስትመለስ ጫማ ማውለቂያው ላይ ትቆማለች፤ በሩ እንደተከፈተ ነው፣ ከባሕሩ የሚመጣው ንፋስ ጀርባዋን ይገርፋታል። ኡሜኖ ከወጥ ቤት የጨው ሳህኗን ይዛ ትመጣና መጀመሪያ ደረቷ ላይ፣ ቀጥሎ ጀርባዋ ላይ፣ ከዚያ እግሯ ስር ትበትንባታለች። ቺጉሳ ገና ሳህኑን ስታይ ዓይኗን መጨፈን ለምዳለች፤ የኡሜኖ እጅ ለደረት ተብሎ ተነስቶ ፊት ላይ የሚያርፍበት ቀን ይበዛልና። ጎረቤት የምራቷን ሥራ ሲጠይቃት «ሬሳ ጋ ነው የምትውለው» ትላለች፣ የቤተሰብ ነውር እንደምታወራ ሁሉ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ፣ ከታማሚ የተቆረጠ ሥጋ የሚመረመርበት ክፍል፣ ሬሳ ቤት እንዳልሆነ፣ እዚያ የሚደርሰው ሥጋ ባለቤቱ ፎቅ ላይ ተኝቶ ሾርባ የሚጠጣ ሰው ሥጋ እንደሆነ ቺጉሳ ገና ሙሽራ ሳለች አንድ ቀን ልታስረዳት ሞክራ ነበር። «ታዲያ ከሰው ተቆርጦ የወጣ ሥጋ ምንድነው፣ ይተነፍሳል?» ብላ መለሰችላትና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ለኡሜኖ ሟች ባል በቆመው የቤት መሠዊያ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚቀመጠውን ሩዝ ቺጉሳ እንድትነካ አይፈቀድላትም። ይሄን የምትለው ደግሞ ማን ናት ቢባል፣ ዕድሜዋን በሺሞኖሴኪ ከተማ የዓሣ ገበያ የፉጉ መደብ ላይ የጨረሰች ሴት ናት። ፉጉ የሚሉትን፣ ጉበቱ ሰው የሚገድል ዓሣ ስታርድ፣ ክርኗ ድረስ የሆድ ዕቃ ውስጥ ገብታ ሁለት ልጆች ያሳደገች ሴት፣ ጓንት አድርጎ የሚሠራን እጅ ትጸየፋለች። ቺጉሳ ይሄን በሆዷ ብላዋለች፤ በአፏ ግን ወጥቶ አያውቅም። ባሏ ሹንጂ እናቱ ጨው ስትበትን ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ የሚያነብ ሰው ነው።

ዛሬም ሹንጂ መስኮቱ ጋ ቆሞ የባሕሩን ወሽመጥ የሚያቋርጡትን መርከቦች ያያል። ወንበሩን የያዘችው ታላቅ እህቱ ኪኑኤ ነበረች። ያመጣችውን ሜሎን የራስጌው ኮመዲኖ ላይ አስቀምጣዋለች፤ የዋጋው ወረቀት፣ አምስት ሺህ የን የሚለው፣ ወደ አልጋው ዞሮ ይታያል። በዚህ ብርድ ሜሎን ስንት እንደሆነ እናቷ የምታውቅ ቢሆንም፣ ኪኑኤ ያወጣሁት ገንዘብ በሰው ሁሉ ይታወቅልኝ የምትል ዓይነት ሴት ናት። «ቆርጠው ሲያወጡት ለቤተሰብ ያሳያሉ» አለች፣ እግሯን አነባብራ። «ትንሿ ክፍል ውስጥ በትሪ ያመጡልናል። እኔና ሹንጂ እንገባለን። አንቺ አትምጪ፣ አንቺማ ለምደሽዋል፤ ቀኑን ሙሉ የምታዪው እሱን አይደል።»

«ልክ ነው፣ እትዬ» አለች ቺጉሳ።

«የማይገባኝ ነገር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እንዲህ ያለ ቦታ ውለሽ እንዴት እራት እንደሚበላልሽ ነው።»

ኡሜኖ ሳቀች። ሕመሟን ረስታ፣ ጥርሷ እስኪታይ። ነርሶቹ ተሽከርካሪውን አልጋ ይዘው ሲመጡም ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ነበር። ኪኑኤ እጇን ይዛ እስከ በሩ ሸኘቻት፤ ሹንጂ «አይዞሽ» አለ። ቺጉሳ እጇን ዘርግታ ብርድ ልብሱን ልታስተካክልላት ብትል ኡሜኖ እግሯን ሰበሰበች።

ቺጉሳ የምትሠራበት ላቦራቶሪ እዚያው ሆስፒታል ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ አየር መሳቢያው ሲያጓራ ይውላል፣ እንዲያም ሆኖ ሥጋው የሚነከርበት ፎርማሊን ዓይን ያቃጥላል። ግድግዳው ላይ የጥንት የሚመስል ሰዓት፣ ከስሩ የብረት ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የቡሽ ሰሌዳና ስፒሎች፣ በትንንሽ ጠርሙስ ጥቁር፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ተደርድሯል። ከጡት ተቆርጦ የወጣ እባጭ ሲመጣ፣ ቀዶ ሐኪሙ ዳርና ዳሩ ላይ ክር ይሰፋበታል፤ ረጅሙ ክር ወደ ጡቱ ጫፍ፣ አጭሩ ወደ ላይ ማለት ነው። ክሩን አይተው ሥጋው በሴትዮዋ ገላ ላይ እንዴት ተቀምጦ እንደነበር ያውቁና ውጪውን እንደ ፍሬ ልጣጭ ዙሪያውን ቀለም ይቀቡታል። ኋላ በማጉያ ሲታይ ካንሰሩ ከቀለሙ ርቆ ከተገኘ ሁሉም ወጥቷል፤ ቀለሙን ነክቶ ከተገኘ ግን ቀሪው ሴትዮዋ ውስጥ ነው። ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ናሙናው ሙሉውን፣ ማንም ሳይነካካው መድረስ አለበት።

አብሯት የሚሠራው ኦኪ የዘመድን ናሙና ዘመድ እንደማይነካ ያውቃል። ጠዋት «የአማትሽ ሲመጣ እኔ እቀበለዋለሁ» ብሏት ነበር። ቺጉሳ ግን ሰዓቱን እያየች ቆይታ፣ ከላይ የሚመጣበት ጊዜ ሲቃረብ፣ «ኦኪ፣ ካፊቴሪያው ሳይጨናነቅ ሂድና ብላ፤ ዛሬ ካሪ ነው ያለው» አለችው። ኦኪ ካሪ ሲሉት የማይነሳበት ሥራ የለውም። ሄደ።

 ኦኪን ያስወጣችው የአማቷ ናሙና ያለበትን ጠርሙስ ልትጥለው፣ ከሌላ ሰው ሥጋ ጋር ልታለዋውጠው አልነበረም፤ እንዲህ ያለ በቀል ቂሙ ትንሽ ለሆነ ሰው ነው፣ የቺጉሳ ቂም ደግሞ ትንሽ አይደለም። የፈለገችው ከአማቷ ጋር፣ ዝም ካለችው አማቷ ጋር፣ ብቻዋን ለጥቂት ደቂቃ መቀመጥ ነበር። ተላላኪዋ ሴት ጠርሙሱን የመቀበያ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ስትሄድ ቺጉሳ ጓንቷን አጠለቀች፤ የተለጠፈውን ስም ሁለት ጊዜ አነበበች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«መጣሽ?» አለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አማቷን አንቺ አለቻት። «በር ላይ ጨው አልበተንኩብሽም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔ ቤት እንዲህ ነው፣ እንግዳ አናዋርድም። እንግዲህ እዩኝ ስትዪ የኖርሽው እንዲህ ነሽ፤ አንድ እፍኝ ስብ። ከገላሽ ተቆርጠሽ ስትወጪ ማንም እጅሽን አልያዘሽም። ኪኑኤ በትሪ አይታሽ ሄደች። አሁን ካንቺ ጋር ያለሁት እኔ ነኝ። የመሠዊያውን ሩዝ አትንኪ ያልሽው እጅ አሁን ያጥብሻል፣ ቀለም ይቀባሻል፣ ስንት ዓመት ልትኖሪ እንደምትችዪ የሚነግርሽ ይሄ እጅ ነው። ምን ትያለሽ? ዝም። ጎሽ። ዝም ስትዪ እንዴት እንደምታምሪ።»

ደስ አላት። የሚያሳፍር ደስታ ነበር፣ ግን ደስታ ነበር። ከዚያ ክዳኑን ከፈተችው።

ሥጋው ለሁለት ተገምሷል። ከዚያም በኋላ አንደኛው ግማሽ በጎን በኩል ዳግመኛ ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተንጠልጥሏል። አጭሩ ክር ፎርማሊኑ ውስጥ ብቻውን ይንሳፈፋል፤ ረጅሙ ጭራሽ የለም። ላዩ የቱ እንደሆነ፣ ታቹ የቱ እንደሆነ፣ ውጪው የት አልቆ ውስጡ የት እንደሚጀምር በምንም አይታወቅም። ቺጉሳ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አሁን ያወራችው ሁሉ፣ ግድግዳው የሰማው፣ ተመልሶ ጆሮዋ ላይ መጣ። ስልኩን አንስታ ቀዶ ጥገና ክፍል ደወለች።

ዶክተር ኩሮይዋ ራሱ ወረደ። ጸጉሩን ወደ ኋላ የሚለጥፍ፣ ነርሶች ሲስቁለት ደስ የሚለው፣ እጁ ግን በእርግጥ ጎበዝ የሆነ ቀዶ ሐኪም ነው። ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየ፤ ጆሮው ሥር ቀላ፤ ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ከእኔ እጅ የወጣው ሙሉውን ነው» አለ።

«ዶክተር፣ እኔ ክዳኑን ስከፍት እንዲህ ነበር።»

«ማን አየ?»

ቺጉሳ የኦኪን ባዶ ወንበር አየች።

«ባጅሽ ላይ ያለውን ስም ሳየው ገረመኝ። አማትሽ ናቸው አይደል?» ድምጹ ለስላሳ ነበር፣ የታመመ ሰው እንደሚያባብል። «ልጃቸው ፎቅ ላይ ነግራኛለች። ምራቷ ታች ናት፣ እናቴን አትወዳትም፣ ይጠንቀቁልን ብላኛለች። እኔ በቤተሰብ ነገር አልገባም። ሰው ነሽ፣ ስሜት አለሽ። ግን ይሄ ለታካሚዋ መነገር አለበት፤ ምሽት ላይ ስዞር እነግራቸዋለሁ።»

የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር አሪዙሚ ከኩሮይዋ ኋላ ገብታ ማጉያዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቀና ሳትል ይሄን ሁሉ ሰማችው። ጡረታ የቀረባት፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት፤ አንድ ነገር ስትናገር ሁሉም መንቀሳቀሱን ያቆማል። ኩሮይዋ ከወጣ በኋላ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ለምን ኦኪን አስወጣሽው?» አለች። ቺጉሳ ጓንቷን አወለቀች። ምን ልትል ነው? የአማቴን ሥጋ ልሰድብ ብዬ ነው ልትል ነው? «ቆርጠሻል ብዬ አላምንም» አለች አሪዙሚ። «ግን እኔ ማመኔ ምንም አይጠቅምሽም። ብቻሽን ነበርሽ፤ መሆን አልነበረብሽም። ምሽት ላይ አብሬው እወጣለሁ። እዚያ ሌላ ነገር ካልሰማሁ ነገ ለአስተዳደሩ የምጽፈው እሱ ያለውን ነው።»

ኦኪ ካሪውን በልቶ ሲመለስ ምን እንደተፈጠረ ሰማ። ቺጉሳ የቀረውን ቀን የሌሎችን ሰዎች ሥጋ ስታጥብ፣ ስትቀባ፣ ስትሰይም ዋለች፤ እጇ አልተሳሳተም። ሥራዋን ብታጣ ሌላ ከተማ ሄዳ ትሠራለች። የማትችለው ወሬውን ነው። በዚህ ከተማ፣ በዓሣ ገበያው፣ በመታጠቢያ ቤቱ፣ ምራት የአማቷን ጡት በበቀል ቆራረጠችው ይባላል፤ ኡሜኖም ለሞተ ባሏ መሠዊያ ፊት ተንበርክካ ትነግረዋለች፤ ለኪኑኤም የሰማውም ያልሰማውም ዕድሜ ልኩን አዝኖ ይኖርላታል። ከሁሉ በላይ ግን ያንገበገባት ይሄ ነበር፦ ያን ሁሉ ዓመት ጨው ውጣ ያጠራቀመችው ቂም፣ ለእንዲህ ያለ የመቀስ ሥራ የዋለ መስሎ መታየቱ። እኔ ብበቀል ኖሮ እንዲህ ነበር የምበቀለው? አለች ለራሷ፣ ቧንቧውን ዘግታ። ለስድብ የሚያበቃት በቀል ሠርታ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ያልሠራችውን፣ ያውም እንዲህ ርካሽ የሆነውን፣ ስሟ ላይ ሊለጥፉባት ነው።

ከዚያ አሰበች። ኩሮይዋ ልጃቸው ፎቅ ላይ ነግራኛለች ብሏል። ትንሿ ክፍል ውስጥ ከሱ ጋር የነበሩት ኪኑኤና ሹንጂ ናቸው። የገባው ሙሉ ሥጋ ነው፣ የወጣው የተገመሰ። ሹንጂ እንደሆነ ምንም አላየሁም ይላል፤ እሱ ማንም ላይ ጣቱን ከሚቀስር ጣቱን ቢቆርጡት ይመርጣል። ኪኑኤ ግን፣ ኪኑኤ በሕይወቷ አንድ ነገር ሠርታ ሳታወራው አድራ አታውቅም። ብትጠይቃት ትክዳለች። መጠየቅ አይደለም የሚያስፈልገው።

ፎቅ ላይ ስትደርስ ሊፍቱ ጋ አልቆመችም። ኪሷ ውስጥ ያለችውን እሽግ በጣቷ ዳሰሰቻት፣ አልከፈተቻትም። ክፍሉ ውስጥ ኡሜኖ ከማደንዘዣው ነቅታ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ደረቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ተንጋላለች። ሜሎኑ አልተነካም። ኪኑኤ ስለ መኪና ማቆሚያው ዋጋ ታወራለች፤ በሰዓት ይሄን ያህል ማስከፈል ሰው እንዳይታመም ነው ትላለች። ሹንጂ መስኮቱ ጋ ነው። ውጪ እየመሸ ነበር፤ በወሽመጡ ማዶ ያሉት መብራቶች በርተዋል። ማንም ለቺጉሳ ወንበር አልሳበላትም፤ እሷም ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ብዙም ሳይቆይ ኩሮይዋ ገባ፤ ከኋላው አሪዙሚ ናት፣ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ቀዶ ጥገናው በደንብ ሄዷል፣ እማማ» አለ ኩሮይዋ፣ የአልጋውን ብረት ይዞ። «አንድ የሚያሳዝን ነገር ግን አለ። ናሙናው ታች ላቦራቶሪ ውስጥ ጉዳት ደርሶበታል። ዳር ዳሩን ማንበብ አልተቻለም። ስለዚህ ክፉው ሁሉ ወጥቷል ብዬ ልምልልዎ አልችልም። ምናልባት እንደገና መክፈት ይኖርብን ይሆናል።»

«ታች?» አለች ኡሜኖ። ጭንቅላቷ ትራሱ ላይ ቀስ ብሎ ዞረ። አምስት ሰው ቺጉሳን አየ።

«አላልኩም?» አለች ኪኑኤ። «እማዬ፣ አላልኩሽም? ዶክተር፣ ጠዋት አልነገርኩዎትም?»

ቺጉሳ ከግድግዳው ተነስታ ወደ አልጋው ቀረበችና ጎንበስ አለች፤ ዝቅ፣ ጸጉሯ ፊቷን እስኪሸፍን። ይቅርታ የምትለምን መሰላቸው። ኩሮይዋ በአፍንጫው ተነፈሰ። እንደ ጎነበሰች ነበር የተናገረችው፣ እንደ ልጅ ቀጭን በሆነ ድምጽ። «እትዬ ኪኑኤ፣ እርስዎ እንኳ ደህና ሆኖ ሲወጣ አላዩትም መሰለኝ። ሹንጂ እንዳለኝ፣ ትሪው ሲመጣ ፊትዎን አዙረው ወደ በሩ ሸሹ። አልፈርድብዎትም፤ ላልለመደ ሰው ይከብዳል። ብርቱ ሰው ነኝ የሚለው ሁሉ ያኔ ነው የሚታየው።»

ሹንጂ እንዲህ ያለ ነገር አልተናገረም። ቀና ብሎ ሚስቱን አያት፤ ከንፈሩ ተነቃነቀ፤ እንደ ልማዱ ዝም አለ። ዝምታው ለመጀመሪያ ጊዜ ለቺጉሳ ዋለ።

«እኔ ነኝ ፊቴን ያዞርኩት?» አለች ኪኑኤ። «ሹንጂ፣ አንተ ነህ እንዲህ ያልከው? ኮርኒሱን ሲያይ የነበረውስ ማን ነው? ስሚ አንቺ፣ እኔ የፉጉ መደብ ላይ ነው ያደግኩት። እንዲያውም ዶክተሩ ከውጪ ብቻ ሊያሳየኝ ሲል፣ ውጪውን ምን ላድርገው፣ ክፉው ያለው ውስጥ አይደል፣ ይክፈቱልኝ አልኩት። በመቀስ ገመሰልኝ። በዚያ በኩል አልታይ ሲለኝ፣ በዚህ በኩልም ብዬ አስደገምኩት። ነጭ ነው፣ ደረቅ፣ እንደ ጠጠር። በጣቴ ነክቼዋለሁ። ሸሸች ትለኛለች።»

«ወይዘሮ ኪኑኤ» አለ ኩሮይዋ።

«ምነው፣ ዋሸሁ? ክሩ መቀሱ ላይ ተጠምጥሞ ሲወጣ አብረን አልሳቅንም? የእናትዎን ልብ ነው የወረሱት አላሉኝም?»

 ኮሪደሩ ላይ የእራት ጋሪ ጎማው እየጮኸ አለፈ። ኪኑኤ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ተመለከተች፣ ቀልዷ ያልተሳቀላት ሰው ዓይነት። ቺጉሳ ቀስ ብላ ቀና አለች፤ ጸጉሯን ከፊቷ ላይ ጠረገች፤ ባሏን አየችው። «አንተስ?» አለችው። «አንተም እዚያ ነበርክ።»

ሹንጂ ጫማውን አየ። «ቆርጦታል» አለ። «ሁለት ጊዜ።»

አሪዙሚ ከበሩ ላይ ተላቀቀች። «ዶክተር ኩሮይዋ» አለች፣ ምሳ እንደምትጋብዘው ሁሉ ረጋ ብላ፣ «ቢሮዬ ወርደን እንነጋገር።» ለኡሜኖ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ኩሮይዋ የአልጋውን ብረት ለቀቀ፤ የሚለው ነገር እንዳለ አፉን ከፈተ፤ የኡሜኖን ዓይን ሲያይ ዘጋው። ሁለቱ ወጡ።

ኪኑኤ የገባት ያኔ ነው። «እማዬ፣ እኔ እኮ ስለ አንቺ ተጨንቄ ነው። ቆርጦ ማሳየቱ እንዲህ እንደሚያደርግ ማን ነገረኝ? እሱ ሐኪም አይደለም እንዴ፣ አይሆንም ቢለኝ ምን ነበር?»

ኡሜኖ ልጇን አየቻት። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ከቁጣ የከፋ ነገር ነበር፣ ገበያ ላይ የተበላሸ ዓሣ ሸጠውላት ቤት ገብታ ጥቅሉን የፈታች ሴት ፊት። «ሜሎንሽን ይዘሽ ውጪ» አለች። ኪኑኤ ሜሎኑን አቅፋ፣ የዋጋው ወረቀት አገጯን እየነካ፣ እያለቀሰች ወጣች። እህቱን ይሸኝ እናቱን ይጠብቅ ያልገባው ሹንጂ መሀል ወለሉ ላይ ቆሞ ቀረ።

ኡሜኖ ዓይኗን ኮርኒሱ ላይ ተከለች። «እንደገና ይከፍቱኛል ማለት ነው» አለች።

«ይመስለኛል፣ እማማ።»

«ያኛውስ የት ነው?»

«እኔ ጋ ነው። ታች፣ በጠርሙስ።»

«የሚቀጥለውስ?»

«እሱም የሚወርደው ወደ እኔ ነው። እዚህ ሌላ ላቦራቶሪ የለም።»

ኡሜኖ ፊቷን ወደ ቺጉሳ መለሰች። ይቅርታ ልትል እንደሆነ ለአንድ አፍታ ማንም ሰው ይመስለው ነበር፤ ሹንጂ እንኳ ተስፋ አድርጎ ወደ አልጋው ጠጋ አለ። እሷ ግን የምራቷን እጅ አየች፤ ቺጉሳ የአልጋውን ብረት፣ ኩሮይዋ የለቀቀውን ቦታ፣ ይዛ ነበር። ኡሜኖ በብርድ ልብሱ ስር እግሯን ሰበሰበች።

«ጨዉን በትነሽ ነው የገባሽው?» አለች።

ቺጉሳ ሳቋ መጣ። እሽጓን ከኪሷ አውጥታ፣ እንዳልተከፈተች፣ አማቷ ፊት ያዘቻት። «አልበተንኩም» አለች። «መጀመሪያ ማን ላይ እንደሚበተን ልጠይቅዎ ብዬ ነው። ጨዉ ከሞተ ጋር ለዋለ ነው፣ አይደል እማማ? እኔ ዛሬ የዋልኩት ከእርስዎ ጋር ነው። ታች ያለው እርስዎ ነዎት። አይተነፍስም፤ አይቼዋለሁ። ዛሬ ከቀብር የተመለሱት እርስዎ ነዎት፤ ያውም ከራስዎ።»

«ቺጉሳ» አለ ሹንጂ። ዙሪያውን አየ፤ የሚያነሳው ጋዜጣ አልነበረም።

እሽጓን ቀደደቻት። ጨዉን መዳፏ ላይ ገለበጠችው፤ ትንሽ ነበር፣ ግን ይበቃል። መጀመሪያ ብርድ ልብሱ ላይ፣ የአማቷ እግር ስር በተነች። ጀርባዋን ማግኘት ስለማይቻል ትከሻዋ ላይ፣ በዚህኛውም በዚያኛውም፣ አረፈ። የቀረው ለደረት ነበር። ቺጉሳ እጇን አነሳች፣ ከሚገባው ትንሽ ከፍ አድርጋ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለቻት።

ኡሜኖ ጨፈነች።